የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጓደኞች ጋር በነፃ የሚታደሙት የበጋ ኮንሰርት

በበጋ ወራት ሜዳ ላይና በመናፈሻዎች ውስጥ በነፃ ስለሚቀርቡ ኮንሰርቶች የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ጠያቂዎቻችን ያነሷቸው ነገሮች የተለያዩ ቢመስሉም ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት ሙዚቃው ጥሩ ሆኖ ሳለ ምሽቱ ለምን ይበላሻል በሚለው ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት፣ መቀመጫው ቁጥር በሌለውና በር ላይ ትኬት በማይጠየቅበት ቦታ አዘጋጁ የማይወስነውን ነገር ጓደኛሞቹ ራሳቸው አስቀድመው ስለማይወስኑት ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ኮንሰርት በነፃ ሲቀርብ ከማንም ቀድመን እንደርስና መድረኩ ሥር ቦታ እንይዛለን። የሚገርመው ግን ድምፃዊዋ የምትለው ነገር አንድም ቀን በቅጡ ተሰምቶን አያውቅም፤ ደረታችንን የሚደበድበው የባስ ድምፅ ሁሉንም ይውጠዋል። ዘግይተው መጥተው ከኋላ የቆሙ ሰዎች ግን ሁሉንም ነገር ጥርት አድርገው እንደሰሙ ይነግሩናል። ቀድሞ የመጣ ሰው እንዴት ይጎዳል? (ከፊት ተቀማጮቹ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ የምትሉት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱም ያለው በድምፅ ማጉያዎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። በትልልቅ የአደባባይ ኮንሰርቶች ላይ ዋናዎቹ ማጉያዎች፣ በተለምዶ ሞንታርቦ የምንላቸው፣ ከመድረኩ ግራና ቀኝ እርስ በርስ ተደራርበው ከፍ ብለው ይሰቀላሉ፤ አቅጣጫቸውም ወደ ሜዳው መካከልና ወደ ኋላ ነው። የዘፋኝ ድምፅ የሚወጣው በዋናነት ከእነዚህ ስለሆነ መድረኩ ሥር ከተቀመጠ ሰው አናት በላይ ያልፋል። የባስ ማጉያዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ስለሚደረደሩ እናንተ የምትቀመጡት ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ነው። በዚህ ላይ የከበሮው የራሱ ድምፅና ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን እንዲሰሙ መድረክ ላይ የሚቀመጡላቸው ማጉያዎች ሲታከሉበት፣ ለእናንተ የሚደርሳችሁ የድምፅ ባለሙያው ያቀናበረው ሙዚቃ ሳይሆን ከእሱ የተረፈው ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን ለማካካስ በመድረኩ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ማጉያዎችን ይደረድራሉ፤ እነዚህን ካያችሁ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም።

ስለዚህ ሜዳው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ በዓይናችሁ የምትፈልጉት የድምፅ ባለሙያው ሚክሰር ያለበትን ቦታ ይሁን። ይህ ቦታ ብዙውን ጊዜ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ጥቂት አሥር ሜትሮች ርቆ፣ ዙሪያው ታጥሮና ጣሪያ ተደርጎለት ይታያል። ባለሙያው እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እዚያ ቆሞ በሚሰማው መሠረት በመሆኑ ለእሱ ጆሮ የተስማማው ለጎረቤቱም ይስማማል። ከጀርባው ከተቀመጣችሁ ጣሪያው መድረኩን ይጋርድባችኋል፤ ከፊቱ ወይም ከጎኑ መቀመጥ ግን፣ ለመስማት ለመጣ ሰው፣ ከየትኛውም የፊት ረድፍ ይበልጣል።

ወደ ኋላ መራቅም የራሱ ገደብ አለው። ከአንድ ምንጭ የወጣ ድምፅ ግልጥ ሜዳ ላይ ሲጓዝ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መጠኑ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል፤ ተደራርበው የሚሰቀሉት ማጉያዎች ይህን ቅነሳ ቢያለዝቡትም ፈጽመው አያስቀሩትም። ከዚህም ሌላ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 343 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የዘፋኟን ከንፈር እንቅስቃሴ ካየ በኋላ ድምፅዋ የሚደርሰው ወደ 0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰፋፊ ሜዳዎች ላይ በሕዝቡ መካከል የማጉያ ማማዎች የሚተከሉት ርቀቱ የሚቀንሰውን ድምፅ ለመተካት ሲሆን፣ ድምፃቸውም ሆን ተብሎ በሰከንድ ክፍልፋይ እንዲዘገይ ስለሚደረግ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር ተጣጥሞ ይሰማል። በቺካጎ ሚሌኒየም ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የጄይ ፕሪትዝከር መድረክ ይህን ዘዴ ከሥነ ሕንፃው ጋር አዋሕዶታል፤ አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ከሣሩ በላይ የዘረጋው የብረት ቱቦ መረብ ማጉያዎቹን ተሸክሞ፣ ወንበር ከሚይዙት 4,000 ሰዎች በስተጀርባ ሣር ላይ ለሚቀመጡት 7,000 ያህል ሰዎች ድምፁን ከላይ ያወርድላቸዋል። ማማ ባለበት ሜዳ ላይ ማጉያው ፊቱን ባዞረበት በኩል ተቀመጡ፤ ከማማው ጀርባ የሚሰማው የታፈነ ድምፅ ነው።

አየሩም ድርሻ አለው። ነፋስ ከመድረኩ ወደ እናንተ ሲነፍስ ድምፁን ወደ መሬት ያጎብጠዋል፤ ከእናንተ ወደ መድረኩ ሲነፍስ ግን ወደ ላይ ያነሣዋል። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስለምታግለው ከመሬት አጠገብ ያለው ሞቃት አየር ድምፁን ወደ ሰማይ ይልከዋል፤ መሽቶ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቹ ድምፅ ሲሞክሩ ደካማ የነበረ ስፍራ ማታ ላይ ጥሩ ሆኖ የሚገኘው በዚህ የተነሣ ስለሆነ በሙከራው ሰዓት ተስፋ ቆርጣችሁ ቦታ ለመለወጥ አትቸኩሉ።

ተዳፋት ካለ መሐሉን ምረጡ፤ ለዓይንም ለጆሮም ይመቻል። ከግርጌው ግን ራቁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1969 በካሊፎርኒያ አልታሞንት በነፃ በቀረበው ኮንሰርት ላይ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ የነበረው መድረክ ከተዳፋት ግርጌ ተሠርቶ ስለነበር፣ ከላይ የሚገፋው ሕዝብ በሙሉ የሚያርፈው በመድረኩ ጠርዝ ላይ ነበር። በዚያ ቀን መድረኩ ፊት ለፊት በተነሣው ብጥብጥ አንድ ወጣት በስለት ተወግቶ ሞቷል፤ የመድረኩ አሠራር ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም ነገሩን እንዳባባሰው ጥርጥር የለውም።

ጥያቄ፦ ከእኛ መካከል ሁለቱ መድረኩ ሥር መጨፈር ይፈልጋሉ፣ አንዷ በወንበር ተቀምጣ ማዳመጥ ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ የትም ብሆን ግድ የለኝም። በየጊዜው አንድ ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ሙዚቃው ይጀመራል። ከተለያየን ደግሞ ስልክ አይሠራምና እንጠፋፋለን። ምን ይሻላል? (አስታራቂው)

መልስ፦ ውድ አስታራቂ፣ ተለያዩ። አብሮ መሄድ ማለት ምሽቱን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ማሳለፍ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም መጨፈር የሚፈልገውን ሰው አስቀምጦ፣ መቀመጥ የምትፈልገውን አቁሞ፣ ሁሉንም እኩል ቅር ማሰኘት በጓደኛሞች ዘንድ ከሚታዩት የይሉኝታ ዓይነቶች ሁሉ ጥቅም የለሹ ይመስለናል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መሠፈሪያ ነው። ወንበር ፈላጊዋ እዚያ ትሆናለች፤ ጨፋሪዎቹ ሲደክማቸው ይመለሳሉ፤ እርስዎ ደግሞ ግድ ስለሌለዎት በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ።

መሠፈሪያው ከመተላለፊያ አጠገብ እንጂ መተላለፊያው ላይ አይሁን። ገና ሰው ሳይበዛ ባዶ ሆኖ የሚታየው ረጅም የሣር ጥርጊያ ብዙውን ጊዜ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች እንዲያልፉበት የተተወ ነው፤ እዚያ ያነጠፈ ሰው መሸት ሲል ተነሥ መባሉ አይቀርም። ከዛፍ ሥር መሆን ቀን ላይ ጥላ ቢሰጥም ቅርንጫፉ እይታ ይጋርዳል። ምንጣፋችሁን ለመጡት ሰዎች ልክ አንጥፉ፤ አራት ሆኖ ለአሥር ሰው የሚሆን ቦታ ማጠር፣ የቀሩት “እየመጡ ነው” ቢባልም፣ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ የቀሩትም ሁልጊዜ አይመጡም። ወንበሩ እግሩ አጭር፣ ተቀማጩን ከመሬት ብዙም ከፍ የማያደርግ ዓይነት ይሁን፤ ረጅም ወንበር ይዛ የምትመጣ ከሆነ ከምንጣፎቹ ሁሉ ኋላ ወይም ከዳር መቀመጥ ይኖርባታል። ከምንጣፉ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ላስቲክ መደረብ አይዘንጋ፤ ሣሩ ቀን ደረቅ ቢመስልም ከጨለመ በኋላ ጤዛ ይይዛል፣ ሞቃት ከነበረ ቀን በኋላም ቢሆን መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ስልክን በተመለከተ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ሲልክ በአካባቢው ያሉት የኔትወርክ ጣቢያዎች ስለሚጨናነቁ ጥሪ አይገባም፣ ኢንተርኔትም ይቆማል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን በጣም ጥቂት አቅም ስለሚወስድ፣ ወዲያውኑ ባይሄድ እንኳ ቆይቶ ይደርሳል። መልእክቱን ስትጽፉ ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ፤ “እመጣለሁ” የሚል መልእክት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ ማንንም አይረዳም፣ “2፡30 ላይ ከመብራት ምሰሶው ሥር ነኝ” የሚል ግን ቢዘገይም ይጠቅማል። ምልክት ስትመርጡ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ። ባለ ቀይ ጃንጥላዋ ሴትዮ ተነሥታ ልትሄድ ትችላለች። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ወደ መሠፈሪያው ይመለስ ብላችሁ ከተስማማችሁ ደግሞ ስልኩ ራሱ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼን እወዳቸዋለሁ፤ ሙዚቃ ላይ ግን አያርፉም። ኦርኬስትራው ቀስ ያለውን ክፍል ሲጫወት ሳይቀር ስለ ሥራቸው ያወራሉ። ዝም በሉ ብላቸው “በነፃ የመጣንበት ነው፣ አዳራሽ መሰለሽ እንዴ?” ይሉኛል። ጥፋቱ የማን ነው? (ማዳመጥ የናፈቃት)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ጓደኞችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአደባባይ ኮንሰርት አዳራሽ አይደለም፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ አውሮፕላን ያልፋል፣ ሰው ይነሣል ይቀመጣል፣ ብዙ ሰውም የሚመጣው ለሙዚቃው ያህል ለወዳጆቹ ብሎ ነው። ይህንን ሙሉ በሙሉ ለመከልከል የሚሞክር ሰው ምሽቱን በመቆጣት ይፈጀዋል። ሆኖም “በነፃ ነው” የሚለው መከራከሪያ ከምንም የማይቆጠር ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውም በነፃ ነው የመጣው፤ እሱ ግን ለመስማት መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን የሚወስነው የሙዚቃው ዓይነት ነው። ጊታሩና ከበሮው ሜዳውን በሚያናውጥበት ኮንሰርት ላይ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ማንንም አይረብሽም። የኦርኬስትራ ሙዚቃ ግን በጣም ከፍ ካለ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ የሚወርድ በመሆኑና ሜዳ ላይ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሌለ፣ ቀስ ያሉት ክፍሎች ከሦስት ሜትር ርቀት በሚመጣ ተራ ንግግር ይሸፈናሉ። በመሐል “እሽ” ማለት ደግሞ ከወሬው የባሰ ይሰማል፤ ጓደኛንም ያስቀይማል። እኛ የምንመክረው አስቀድሞ፣ ገና ቀጠሮ ሲያዝ መናገርን ነው፦ “የመጀመሪያውን ክፍል ማዳመጥ እፈልጋለሁ፣ ከዕረፍት በኋላ እንጫወታለን” ማለት ማንንም አያስከፋም። አለበለዚያም ለወሬው የሚመቸው የሜዳው ዳርቻ፣ ለማዳመጥ የሚመቸው ከሚክሰሩ አጠገብ ስለሆነ ከላይ ለአስታራቂው የሰጠነውን ምክር ለእርስዎም እንደግማለን።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቪዲዮ ቀረጻ ላነሡልን ሌሎች ጠያቂዎች፦ ስልክን ከራስ በላይ ዘርግቶ መቅረጽ ከኋላ ያለውን ሰው ያንን መብራት እንዲመለከት ያስገድደዋል። አንድ ዘፈን በደረት ትይዩ ይዞ መቅረጽ በቂ ነው። ደግሞም በስልክ የተቀረጸው ድምፅ ሲደመጥ ብዙውን ጊዜ የተሰነጣጠቀ ባስ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሙሉውን ኮንሰርት የሚቀርጹ ሰዎች መልሰው ያዩት ይሆን ወይ ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ጥያቄ፦ ከኮንሰርት በተመለስኩ ቁጥር እስከ ማግስቱ ጆሮዬ ይጮኻል። ጓደኛዬ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ልትመጣ አስባለች። ሜዳ ላይ ሲሆን ድምፁ ስለሚበተን ችግር የለውም ትላለች። ትክክል ናት? (የተጨነቀች)

መልስ፦ ትክክል አይደለችም። ሜዳ ላይ ድምፁ መበተኑ እውነት ቢሆንም ማጉያዎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ታሳቢ አድርገው፣ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ላለው ሰው እንዲደርሱ ሆነው ነው፤ ስለዚህ በቅርብ ያለው ሰው የሚደርስበት ብዙ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም የምክር መጠን መሠረት አንድ ጎልማሳ 85 ዴሲቤል ላይ በቀን እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይችላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅት ስፍራዎች ባወጣው መመዘኛ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ጣሪያው ይህ ሆኖ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ጆሮዎ ለምን እንደሚጮኽ ግልጽ ነው፤ ጩኸቱ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ስሱ ሕዋሳት መጎዳታቸውን የሚያመለክት ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የተጎዱት እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም አንዱ ጆሮዎ ድንገት ከደከመ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መፍትሔው የጆሮ መድፈኛ ነው። ብዙ ሰው “ሞክሬው አልሠራልኝም” የሚለው በአግባቡ ስላላስገባው ነው። የስፖንጁን መድፈኛ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል፣ ሳይጨማደድ ቀጭን እስኪሆን ድረስ ያንከባልሉት። ከዚያ ቀኝ ጆሮዎን ለመድፈን ግራ እጅዎን ከራስዎ በላይ አዙረው የጆሮዎን የላይኛ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ይህን ጊዜ ጠማማው የጆሮ ቀዳዳ ስለሚቃና መድፈኛው ሳይታጠፍ ይገባል። ወዲያው ሳይለቁ በጣትዎ ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደግፈው ይያዙት፤ ቀስ እያለ ሲያብጥ ይሰማዎታል። የገዛ ድምፅዎ ውስጥ ውስጡን እንደሚያስተጋባ ሆኖ ከተሰማዎት በትክክል ገብቷል። ግማሹ ከጆሮ ውጭ ከቀረ እንደገና ያውጡትና ያንከባልሉት። ስፖንጁ ቀጫጭን ድምፆችን ከወፍራሞቹ ይልቅ ስለሚያፍን ሙዚቃው የታፈነ ሊመስልዎት ይችላል፤ ይህ ካልተስማማዎት ለሙዚቃ ተብለው የተሠሩ፣ በውስጣቸው ማጣሪያ ያላቸው መድፈኛዎች አሉ፤ እነዚህ ሁሉንም ድምፅ በተቀራረበ መጠን ስለሚቀንሱት የዘፋኙ ቃላት እንዲያውም ይበልጥ ጥርት ብለው ይሰማሉ።

ለሁለት ዓመት ልጅ ግን መድፈኛ አይሆንም፤ ሊያወጣው፣ ሊውጠውም ይችላል። ለልጆች ልክ የተሠራው፣ ሁለቱንም ጆሮ ከውጭ የሚሸፍነው መከለያ ይሻላል፤ እሱንም አድርጎ ቢሆን ከማጉያዎቹ መራቅ ግድ ነው። እናቲቱ ከሜዳው ኋላ፣ ከማማዎቹም ርቃ ትቀመጥ፤ ልጁ መከለያውን በተደጋጋሚ አውልቆ ከጣለ ደግሞ ምሽቱ ለእነሱ አብቅቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኮንሰርቱ በነፃ ከሆነ ሙዚቀኞቹ ምን ያገኛሉ? ካልጣመንስ በመሐል ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው? (ኅሊናው የቆጠቆጠው)

መልስ፦ ነፃ የሚሆነው ለእርስዎ እንጂ ለአዘጋጁ አይደለም። መድረኩ፣ ማጉያው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ጥበቃው፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃው ሁሉ ይከፈልበታል፤ ከፋዩ የከተማ አስተዳደር፣ ለጋሾች፣ ስፖንሰሮች ወይም የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊሆን ይችላል። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በከተማዋ መናፈሻዎች ውስጥ በነፃ መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ የቺካጎው የግራንት ፓርክ ኮንሰርት ደግሞ ከ1935 ጀምሮ፣ ማለትም ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አንሥቶ የዘለቀ ነው። የቪየና ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሾንብሩን ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ በየዓመቱ በነፃ ይጫወታል፤ ዝግጅቱም በብዙ አገሮች በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1981 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 500,000 ያህል እንደሆነ በተገመተ ሕዝብ ፊት በነፃ ሲጫወቱ፣ ዓላማው በዚያን ጊዜ ተጎሳቁሎ ለነበረው ለመናፈሻው ራሱ ገቢ ማሰባሰብ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚለየው በፈረንሳይ የባህል ሚኒስትሩ ጃክ ላንግ ባሉበት ዘመን ጁን 21 ቀን 1982 የተጀመረው የሙዚቃ በዓል ነው፤ በዚያ ዕለት ጀማሪውም ባለሙያውም ጎዳና ላይ ወጥቶ ያለ ክፍያ ይጫወታል፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ያከብሩታል።

ተነሥቶ መሄድን በተመለከተ ምንም ነውር የለውም። ያልሰሙትን ዓይነት ሙዚቃ ያለ ኪሣራ ሞክሮ መተው መቻሉ የነፃ ኮንሰርት ትልቁ ጥቅም ነው። በሁለት ዘፈኖች መካከል ይነሡ፣ ጎንበስ ብለው ይለፉ፣ የሰው ምንጣፍ አይርገጡ። ያመጡትን ቆሻሻ ይዘው መሄድዎን አይርሱ፤ ሜዳው በማግስቱ ተበላሽቶ ከተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ ማግኘት ለአዘጋጁ ከባድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በመሐል ደመና ሲከብድ ግማሾቻችን “ጥቂት እንጠብቅ” እንላለን፣ ግማሾቻችን መሮጥ እንፈልጋለን። መቼ ነው በእርግጥ መነሣት ያለብን? (ጃንጥላ የያዘች)

መልስ፦ ለዝናብ አይነሡ፤ ለመብረቅ ግን ሳይከራከሩ ይነሡ። ብልጭታውን ካዩበት ቅጽበት ጀምረው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚገኝ ቀጣዩ የእናንተ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሙዚቃው በሚጮኽበት ቦታ ግን ነጎድጓዱ ላይሰማ ስለሚችል ብልጭታ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይበቃል። መጠለያ የሚባለው ሙሉ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ነው፤ ዛፍ፣ ድንኳን፣ የብረት አጥርና መድረኩ ራሱ መጠለያ አይደሉም። ጃንጥላውም ቢሆን ይታጠፍ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳው አይመለሱ።

ከዝናቡ በፊት የሚመጣውን ነፋስ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በአንድ የአደባባይ ዝግጅት ላይ ዋናዎቹ ሙዚቀኞች ከመውጣታቸው በፊት ከማዕበሉ ቀድሞ የደረሰ ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ ጥሎት 7 ሰዎች ሞተዋል። ሞቃት ሆኖ የዋለው አየር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ አቧራ ከተነሣና ከመድረኩ በላይ ያለው ሸራ መርገብገብ ከጀመረ፣ ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ከመድረኩና ከማጉያ ማማዎቹ ይራቁ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ “ከሰው ቀድመን እንውጣ” እያሉ የመጨረሻውን ዘፈን ሁልጊዜ ያስጥሉኛል። ልክ ናቸው? (ሳይጠግብ የሚነሣው)

መልስ፦ ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2010 በጀርመን ዱይስቡርግ በነፃ በተካሄደው የሎቭ ፓሬድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ በዋሻ መንገድና በአንድ መወጣጫ ላይ ተገናኝቶ 21 ሰዎች በመተፋፈግ ሕይወታቸውን አጥተዋል። አደጋው የሚፈጠረው በመውጫ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ በሚገናኝበት በማንኛውም ሰዓት ነው። ስለዚህ መውጫዎቹን ገና ሲደርሱ ይዩ፤ የገቡበት በር ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው በር በመሆኑ ሲወጡ ከሁሉም የባሰ የሚጨናነቀው እሱ ነው፣ ራቅ ያለው ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ ከመውጣት ይልቅ ግን ዘግይቶ መውጣት ይሻላል። ሁለቱም ግፊያውን ያስቀራሉ፤ ሁለተኛው የመጨረሻውን ዘፈን አያስጥልም። ሙዚቃው ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ መተላለፊያው የሚሞላው ወዲያው ነው፤ ምንጣፋችሁን ሳታነሡ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ብትቀመጡ ሜዳው ይሳሳል። አዘጋጆቹ ወይም ጠባቂዎቹ ልቀቁ ካሉ ግን ወዲያው ተነሡ። ድንገት ግፊያ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሁለት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው የሚተነፍሱበት ቦታ ይጠብቁ፤ ከግፊቱ ጋር አይታገሉ፤ ግፊቱ ረገብ ባለ ቁጥር በአግድመት፣ ወደ ዳር ወደ ዳር እያሉ ይውጡ። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት አያጎንብሱ፤ ስልክዎ ቢሆንም።